ዳልቻና የድንበሩ ድንጋይ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሮ አውሱኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ቀንበርም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ዳልቻና ቦራ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ማሳ አረሱ። ማሳው ዳር የድንበር ድንጋይ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ገበሬው "ተመለስ!" ይላል፣ እነሱም ይመለሳሉ። ከሥራ ሲፈቱ እያመነዠኩ ከድንጋዩ ማዶ ስላለው ሆራ ያወራሉ። ጥጃ ሳሉ ከእናቶቻቸው ጋር የጠጡት፣ ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው።

"አይ ያ ጊዜ" ይላል ቦራ። ዳልቻም ሆድ ይብሰዋል።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ገበሬው ቀንበሩን አጥር ላይ ሰቀለና "እንግዲህ ነፍሳችሁን አውጡ" ብሎ ለቀቃቸው። ቦራን ግን ጥሙ ጣለው።

"ወንድሜ፣ ሆራው እንዳልደረቀ አይተህ ንገረኝ። ካለ እንደምንም እነሳለሁ። ከሌለ እዚሁ ልሙት" አለ።

ዳልቻ ሄደ። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ "ተመለስ!" የሚል ሰማ፤ እግሩ ዞረ፣ ተመለሰ።

"ይሄ ቀንበር ነው የያዘኝ" አለ።

ቀንበሩ ከአጥሩ ላይ ሳቀበት። "እኔ እዚህ ተሰቅዬ አንገትህ ላይ ማን አለ?"

ደግሞ ሄደ፣ አሁንስ በሩጫ። "ተመለስ!" ሲባል ሰማ፤ ተመለሰ። አትሳቁበት፣ የለመደ እግር ክፉ ነው።

"አያ ድንጋይ፣ ባክህ አሳልፈኝ፤ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው" አለ ዳልቻ ወደ ድንጋዩ ዞሮ።

"ወይ ጉድ" አለ ድንጋዩ። "እኔን የተከሉኝ የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ እንዲበርድ ነው። በሬ ከልክል ያለኝ የለም።"

"ታዲያ ተመለስ የሚለኝ ማነው?"

"እኔ እንጃ። እዚህ ካንተ በቀር ማንም የለም።"

ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ። "ተመለስ!" ሲባል ጆሮውን አቆመ። ድምፁ የገበሬው አልነበረም፤ የራሱ ነበር።

"አልመለስም" አለው።

አንድ እግሩን ከድንጋዩ ማዶ አኖረ፤ መሬቱ አልተናደም። ሌላውን አስከተለ። ከፊቱ ያለውን ጉብታ ቢወጣ ሆራው ከሥሩ ተኝቷል። ያን ሁሉ ዘመን የናፈቁት ከጉብታ ጀርባ ኖሯል። ዳልቻ አለቀሰ። ሳይጠጣ ወደ ቦራ ሮጠና "አለ፣ ተነስ" አለው።

ቦራ እየተንገዳገደ ተነሳ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ እሱም ሊዞር ሲል፣ ዳልቻ በትከሻው ደግፎ አሳለፈው። ጠጡ፣ ጠጡ።

"ጣዕሙ ያው ነው፤ እናቴ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ" አለ ቦራ። ቆይቶም "ግን ይህን ያህል ቅርብ ነበር እንዴ?" ሲል ጠየቀ።

"ነበር" አለ ዳልቻ። "እኛ ነን ያራቅነው።"

ተረቴን አደረስኩ፣ እናንተም ለልጅ አድርሱ። ሰው በሬን ሲያማ "ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ" ይላል። እነዚህን ሁለቱን ግን ሊገድላቸው የነበረው የሌለ ገደል ነው።