አጁሉ የቆረጠችው የቅቤ ዛፍ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የያዘው ይሂድ።

ድሮ ድሮ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ አንድ ባል ያገቡ ሁለት ጣውንቶች ነበሩ። ትልቋ አጁሉ፣ ትንሿ አርየት። እያንዳንዳቸው አንድ የቅቤ ዛፍ ነበራቸው። ሁለቱ ዛፎች ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፤ ሌሎቹ የቅቤ ዛፎች ከወንዙ ማዶ ርቀው ነው ያሉት። ፍሬው ሲወድቅ ሴቶች ይለቅማሉ፤ አስኳሉን አድርቀው፣ ቆልተው፣ ፈጭተው ቅቤ ያወጣሉ። በአገሩ ሙሽራ የምትቀባው በዚያ ቅቤ ነው። የመንደሩ ሹም ቅቤዋን የመረጠላት ሴት ሙሽራዋን ትቀባለች፤ በሰርጉም ፊት ትቀመጣለች።

በየዓመቱ የአርየት ቅቤ ይመረጥ ነበር። አጁሉን ቅናት እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጧን በላት።

«አንቺ፣ ምን ጨምረሽበት ነው?» አለቻት።

«ምንም። የወደቀውን ብቻ ነው የማነሳው።»

«ውሸታም!»

በመጀመሪያው ዓመት አጁሉ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ከሁለቱም ዛፎች ሥር ጠራርጋ ወሰደች። የበሰበሰውንም፣ የበቀለውንም ደባለቀችው። ቅቤዋ ሸተተ። አርየት ዘግይቶ ከወደቀው ጥቂት ለቅማ ተመረጠች።

በሁለተኛው ዓመት እስኪወድቅ መጠበቅ አቃታት። በዘንግ እየመታች ጥሬውን አረገፈችው። ቅቤዋ መረረ።

ሹሙ ቀምሶ ተፋ። «ይህ ለሙሽራ ነው ወይስ ለጅብ ቁስል?»

ሴቶቹ ሳቁ። አርየት ተመረጠች። በእልልታው መካከል አጁሉ ጥርሷን ነከሰች።

በሦስተኛው ዓመት፣ አበባ ሳይወጣ፣ መጥረቢያ አነሳች። የአርየትን ዛፍ ከሥሯ ገነደሰቻት።

ሁለቱም ሹሙ ፊት ቀረቡ።

«ንፋስ ነው የጣላት» አለች አጁሉ።

«ንፋስ ደግሞ መቼ ነው መጥረቢያ የያዘው?» አለች አንዲት አሮጊት።

አርየት ግን አልተሟገተችም። «አባታችን፣ እማኝ የለኝም። በራሷ ዛፍ ፍሬ ትማልልኝ፤ ይበቃኛል።»

አጁሉ በልቧ ሳቀች። ዛፏ ፍሬ ነስታት አታውቅም። «የቆረጥኩት እኔ ከሆንኩ፣ ዛፌ አንዲት ፍሬ አትስጠኝ!»

ወቅቱ ደረሰ። ዛፏ አበበች። ንቡ ዘመረ። አጁሉ ቅርጫቷን ይዛ ከሥሯ ተቀመጠች። አበባው ረገፈ። ፍሬ ግን የለም፤ አንዲትም።

«ጣውንቴ ደግማብኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ምንም አልደገምኩም» አለች አርየት። «ንብ የአንዷን ዛፍ የአበባ ብናኝ ለሌላዋ ካላደረሰ የቅቤ ዛፍ ፍሬ አይዝም። እናቴ ነግራኛለች። ያንቺን ዛፍ ፍሬ ስታስይዝልሽ የኖረችው የኔዋ ነበረች፣ እህቴ።»



ሹሙም ፈረደ፦ «በጉቶው አጠገብ ዘር ትከዪ። ፍየል እንዳይበላው ጠብቂ። እስኪያፈራ ድረስ ሰርግ አትረግጪም።»

የቅቤ ዛፍ ለማፍራት ሃያ ዓመት ይፈጅበታል። አጁሉ የሰርጉን ከበሮ ከሩቅ እየሰማች፣ ፍየል እያባረረች አረጀች። ዛፉ ያፈራው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። የለቀሙትም የአርየት ልጆች ናቸው።

«የጣውንቷን ዛፍ የቆረጠች፣ የራሷን ፍሬ አደረቀች» የሚባለው ለዚህ ነው። ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ቅናታችሁን እዚሁ ጥላችሁ ሂዱ።