ሸማኔው የደበቃት ጠብታ

ሚስቱን በድሎ በሽማግሌ የታረቀ አንድ ጎልማሳ፣ ካስታረቁት አንዱ ወደሆኑት ወደ መሪጌታ ውብሸት መጣ። «ትልቁን ጥፋቴን ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት አንዲት ትንሽ ነገር ቀርታለች፤ ብተዋት ምን አለበት?» አላቸው። መሪጌታ ነገር ማለሳለስ አያውቁም። እንዲህ አሉት።

አንድ ሸማኔ ነበረ። ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣና የሚወረውራት መወርወሪያ ግማሽ መንገድ ላይ ትሰወርበት ጀመር። ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሟ መርምራ ከአንጎሉ ሥር የዓይኑን ጅማት የሚጫን እጢ እንደበቀለበት፣ ራስ ቅሉን ሳትከፍት በአፍንጫው ገብታ እንደምታወጣው ነገረችው። በአፍንጫ ገብቶ አንጎል ሥር መድረስ! ግን እንጀራው ዓይኑ ነውና እየፈራም ቢሆን እሺ አለ።

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ዘንግ አስገብታ እጢውን አወጣች፤ የገባችበትንም ቀዳዳ ከጭኑ በቆረጠችው ስብ ደፈነች። ሲነቃ ዳር ዳሩ ይታየው ጀመር። እንዳይናፈጥ፣ እንዳያጎነብስ፣ ከአፍንጫው እንደ ውኃ የጠራ ነገር ጠብ ካለ ደግሞ ወዲያው እንዲነግራት አጥብቃ አስጠነቀቀችው።

በሦስተኛው ቀን ጠብ አለች። ብናገር ዳግመኛ ትገባብኛለች ብሎ ፈራና በጋቢው ጫፍ ጠረጋት። ነርሷ ስትጠይቀው ደኅና ነኝ አለ። በማግስቱም ጠረገ። ራሱን ይፈልጠው፣ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር፤ እሱ ግን ጉንፋን ነው እያለ ራሱን ያታልል ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ሐኪሟ ስትመጣ፣ ያደገበት ሥርዓት ነውና፣ ሳያስበው ከአልጋው ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ጠብታዋ ልትደግፈው በዘረጋችው እጇ ላይ ዐረፈች። የሐኪሟ ፊት ተለዋወጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ቀን ሆነኝ» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ይህ እኮ አንጎልህን የከበበው ውኃ ነው፤ እሱ በወጣበት በሽታ ይገባል። ቀዳዳውን እኔ እደፍነዋለሁ። የደበቅኸኝን ግን በምን ልወቀው?»

ዳግመኛ ገባች። ስንት ቀን ከሞት ጋር እንደተናነቀ እሱ ነው የሚያውቀው።

«ተረፈ?» አለ ጎልማሳው።

«ተረፈ። ተናግሮ እንዳይመስልህ፤ ጎንበስ ስላለ ነው። አንተም ልጄ፣ ትልቁን ስታወጣው ሚስትህ ጨክና ችላሃለች። ቤትህን የሚያፈርሰው አሁን የምትጠርጋት ጠብታ ነው። ተነሥ፣ ሂድና ንገራት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው ግን ሽማግሌ ብለህ እንዳትመጣብኝ፤ ደግሜ ደጇን አልረግጥም።»