የመጀመሪያው ዘይት

አንድ ሾፌር ነበር፤ ሽብሩ ይባላል። መሪ ላይ እያለ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አንዲት አሮጌ ኮምቢ መኪና ነበረችው፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ውሃ የማታውቅ፣ በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስታመላልስ ኖራ በመጨረሻ ደከማት። ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች። ትንሿን ዳገት እንኳ ተሳፋሪ ካልወረደላት አትወጣም። «ሽጣትና ተገላገል» ያላለው ሰው የለም። እሱ ግን መካኒኩ ኢድሪስ ዘንድ ወሰዳት።

ኢድሪስ ሞተሩን አውርዶ ብሎን በብሎን ፈታው። የተበላውን ፒስተንና ሲሊንደር በአዲስ ለወጠ፤ የቀረውን አጥቦ መልሶ ገጠመ። ሁለት ወር ፈጀበት። ቁልፉን ሲያስረክብ እንዲህ አለ፦

«ጋሽ ሽብሩ፣ ሞተሩ ዳነ እንጂ ገና አልጠነከረም። ሮዳጅ ላይ ነው። አዲሱ ብረት እርስ በርሱ እስኪላመድ ድረስ እንዳይጭኑበት፣ እንዳያስሮጡት። ሌላው ሞተር ቢግል ውሃ ያበርደዋል፤ ይሄ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ካስጨነቁት ነፋሱ አይበቃውም። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱን እንድቀይረው ይምጡ።»

«እንደ አራስ ያዘው በለኛ!» አለ ሽብሩ እየሳቀ።

«እንደ አራስ! ወላሂ፣ ገንፎው ብቻ ነው የቀረው።»

ሽብሩም ቃሉን ጠበቀ። ባዶዋን መኪና በሜዳው መንገድ ብቻ ቀስ እያለ ይነዳት ነበር። ጎረቤት እጁን ቢዘረጋለት እንኳ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሮዳጅ ላይ ናት» ብሎ ያልፋል።

በዚያው ሰሞን ልጁ መንበሩ ወደ ቤት ተመለሰ። መንበሩ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ዓመት አረቄ በልቶበታል። አሁን ግን ጠበል ገብቶ፣ ወራት ከርሞ፣ መጠጡን ትቶ መጣ። አባቱ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ችኩል ነበር። በሦስተኛው ቀን የቤተሰቡን ወፍጮ ቤት ቁልፍ ሰጠው። «ያባከንከውን ዘመን አካክስ እንግዲህ» ብሎ ከንጋት እስከ ምሽት ብቻውን አስቆመው። እሑድ ደግሞ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ፣ ከተቀመጠበት አስነሥቶ፣ «ከእንግዲህ ጠብታ አልቀምስም» ብሎ እንዲምል አደረገው። መንበሩ ማለ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መንበሩ ገብቶ አባቱ ፊት ቆመ።

«አባዬ፣ ዛሬ አንድ መለኪያ ጠጣሁ። ሁለተኛውን ሲቀዱልኝ ትቼ ወጣሁ።»

«ምለህ አልነበር?»

«ምዬ ነበር።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! አንተን አረቄው መቼም አይለቅህም። ስመለስ እዚህ እንዳላገኝህ!»

ያን ቀን አምስት መቶው ኪሎ ሜትር ሞልቶ ነበርና፣ ሽብሩ እንደተቆጣ ኮምቢዋን ይዞ ኢድሪስ ዘንድ ሄደ። ኢድሪስ ሥሯ ተንጋሎ ዘይቱን በሳህን ተቀበለ። ሳህኑን ወደ ፀሐይ ሲያወጣው ሽብሩ ክው አለ። ዘይቱ ውስጥ ደቃቅ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል።

«ምነው ኢድሪስ! ሞተሬን ገደልከው እኮ!»

ኢድሪስ ሳቀ። ዘይቱን በሁለት ጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። «ይዳስሱታ! ስንጣሪ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬዎት አለቅስ ነበር። ይሄ ዱቄት ነው። አዲስ ብረት ሲላመድ ሻካራውን ያራግፋል። የመጀመሪያው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። ቶሎ የምንቀይረውስ ለምን ሆነና?» ከዚያ ቀና አለ። «እንዲያው መንበሩስ? በረታ?»

«አባረርኩት።»

«ምን አድርጎ?»

«ጠጣ።»

«ስንት?»

«አንድ መለኪያ።»

«ማን ነገረዎት?»

ሽብሩ ወደ ሳህኑ ተመለከተ። «ራሱ» አለ።

ኢድሪስ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ሽብሩ ግን ከሳህኑ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። ለብረት ታግሷል፤ ለብረት ሲል ጎረቤቱን እንኳ ጥሎ አልፏል። የወለደውን ልጅ ግን ገና ከጠበል እንደወጣ ጭኖ ዳገት አስወጥቶታል።

«ቶሎ አዲሱን ሙላልኝ» አለ።

ቤት ሲደርስ የመንበሩ ክፍል ባዶ ነበር። ወደ አውቶቡስ ተራ ዞረ። መብረር አማረው፤ ሞተሩን ማስሮጥ ግን አይችልም። «እመቤቴ፣ አቆዪልኝ» እያለ በዝግታ ነዳ።

መንበሩ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አባቱ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ መልስልኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከኪሱ አወጣና ሰጠው። አባቱ ለቁልፉ ብቻ የመጣ መስሎት ነበር።

«ወፍጮው ለጊዜው ይቆይህ። መሐላውንም ያሸከምኩህ እኔ ነኝ። ነገ ከኔ ጋር ትወጣለህ፤ ባዶ መኪና በሜዳው መንገድ እንነዳለን።»

«ደግሜ ብወድቅስ፣ አባዬ?»

«እንደ ዛሬው መጥተህ ትነግረኛለህ።»

የአውቶቡሱ ረዳት «የቀረ! የቀረ አለ?» እያለ ሲጣራ ሁለቱም አልተነሡም።

ወገኖቼ፣ ዳነ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። እኛ ግን ትናንት የተመለሰውን ሰው ዛሬ ሙሉ ሸክም እናሸክመዋለን፤ ሲንገዳገድ ደግሞ «ድሮስ ብዬ አልነበር!» እንላለን። ጥፋቱን በገዛ አፉ የሚነግረን ሰው እየዳነ ያለ ሰው ነው፤ የሚያስፈራውስ የሚደብቀው ነው። ፈጣሪ እኛን የታገሠበትን ዘመን ብናስብ፣ ለሌላው ጥቂት ቀን መስጠት ባልከበደን ነበር።

በእናንተስ ቤት ገና በመላመድ ላይ ያለ ማን አለ? ምንስ ጭናችሁበታል?