የዋርካ ቆላው ጃንሆይ

የባለቤቴን የአቶ ደምሰውን መርዶ ሽማግሌዎች ማለዳ ይዘው ሲመጡ፣ ቤታችን ተከራይቶ የሚኖረው አዲሱ አስተማሪም ድምፅ ሰምቶ ወጣ። አንደኛው ሽማግሌ «እመት፣ ጃንሆይ ሐኪም ቤት አረፉ» ቢሉኝ፣ አስተማሪው ግራ ገብቶት «የትኛው ጃንሆይ? ንጉሥ እኮ ከቀረ ቆየ» አለ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ፤ ደምሰው ቢሰማው ከእኔ ይብስ ነበር። እንግዲህ ለአስተማሪውና እንደ እሱ ለማያውቁ ይህን ጻፍኩ።

በእኛ አገር በዋርካ ቆላ የመስኖውን ውሃ በየተራው የሚያካፍለው ሰው «ጃንሆይ» ይባላል፤ ደምሰውም እስኪያርፍ ድረስ ይህ ሥራ የእሱ ነበር። ዘውድ የለውም፤ ያለው አካፋ ነው። በዚህ ስም የጠራው ሰው ካለ ግን፣ ጉርሻ በአፉ ቢሆንም እንኳ፣ አቤቱታውን ሳይሰማ አያልፍም።

አባቶች እንደሚሉት በድሮ ዘመን ጃንሆይ የሚባለው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር፤ የተበደለም ሁሉ ከሩቅ «ጃንሆይ፣ ጃንሆይ» እያለ ይጮህ ስለነበር ስሙ የክብርም የአቤቱታም ነበር። ንጉሡ ግን ለዋርካ ቆላ ሩቅ ነበሩ። ቅርቡ ፊታውራሪ ድንቁ የሚባሉ ገዥ ነበሩ፤ እሳቸውም ፊታውራሪ መባል አንሷቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጃንሆይ ያላለኝ ይገረፋል» ብለው አስነገሩ ይባላል። በዚያው ሰሞን የወንዙን ውሃ በሙሉ ወደ ሸንኮራ ማሳቸው ጠለፉት።

ከቦዩ ግርጌ አስካለ የምትባል የልጆች እናት ነበረች። የዓመት ጉርሷ የነበረው ሽንኩርት ሲጠወልግ ጊዜ፣ ፊታውራሪው በበቅሎ ከሚያልፉበት መንገድ ቆማ «ጃንሆይ» አለች። ደስ ብሏቸው ቆሙ።

«ውሃዬን ተቀምቻለሁ፤ ይፍረዱልኝ።»

«ማን ቀማሽ?»

«ፊታውራሪ ድንቁ የሚባል ሰው ነው።»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። ፊታውራሪው «እናየዋለን» ብለው ሊያልፉ ሲሉ ልጓሙን ያዘችና «ጃንሆይ ሰምቶ ዝም አይልም። ዝም ካሉ ስሙ የእርስዎ አይደለም ማለት ነው» አለቻቸው። ስሙን መተው ጨንቋቸው፣ ውሃውን መመለስም ቆጭቷቸው፣ ለሌላ ቀን ቀጠሯት።

ወሬው ግን አገሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ባለዶሮው፣ ባለድንበሩ፣ ባለፍየሉ ሁሉ ይጠራቸው ጀመር። አንዱ «ጃንሆይ፣ ሚስቴ ወጥ ታቀጥናለች» ሲል፣ ሚስትየዋ ከኋላው «ጃንሆይ፣ አተር ዘርቶ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁልኝ» ትላለች። ሜዳ ሲወጡ እንኳ ከቁጥቋጦው ማዶ «ጃንሆይ» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር አሉ። በመጨረሻ በቅሎዋ ራሷ ለምዳ፣ ቃሉን በሰማች ቁጥር ቀጥ ብላ ትቆም ጀመር። ያን ጊዜ ፊታውራሪው ወርደው በእግራቸው አስካለ ደጅ ሄዱ።

«አንቺ ሴት፣ ይህን ስም ማን ይውሰድልኝ?»

«ውሃውን የሚያካፍል ይውሰደው።»

«እንግዲያው አንቺው ውሰጂው፤ ከነውሃው።»

እንደሚነገረው የመጀመሪያዋ ጃንሆይ እሷ ናት። ሰው እንዳያማትም የራሷን ሽንኩርት መጨረሻ ላይ አጠጣች፤ ሕጉም በዚያው ጸና። የእኛ በርበሬ ከመንደሩ ሁሉ የቀጨጨ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስነጫነጭበት ደምሰው «ንግሥቴ፣ ተራሽን ጠብቂ» ይለኝ ነበር።

አሁን አካፋውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ትናንት አንዲት ሴት ጠርታው ሲቆም አየሁ። ደምሰው ስንቱ ሲጠራው ቆሟል፤ ዛሬ ጠሪው እሱ ነው። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የላይኛው ንጉሥ ቆሞ እንዲሰማው «ነፍሱን ይማር» በሉልኝ።