ነጠላ የለበሰው ዒላማ

አንድ ንብ አናቢ ነበረ፤ ስሙ ላቀው ይባላል። ማር ሲቆርጥ ንብ የማትቆጣው፣ ሰው ሲያናግር ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ ቀስት። ላቀው ቀስቱን ወጥሮ ፍላጻውን ሲለቅ ከዒላማው በቀር የማይመታው ነገር አልነበረም።

በሌላ አገር ቢሆን ለዚህ ማን ግድ ይሰጠዋል? ማር ቆራጭ ማሩን ይቁረጥ እንጂ! ችግሩ ላቀው የወደደው ስንዱን መሆኑ ነው። የስንዱ አባት አያ ሙላት በጉብዝናቸው ዘመን እስከ ቆላው ድረስ ስማቸው የተጠራ ቀስተኛ ነበሩ፤ የመንደሩንም ወግ ጠብቀው የሚያስጠብቁ እሳቸው ናቸው።

ወጉ እንዲህ ነው። ሙሽራ አጃቢውን አስከትሎ ወደ ሙሽሪት ቤት ሲመጣ እንዲያው ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ በር ላይ ዒላማ ይሰቀላል። ሙሽራው ራቅ ብሎ ከዋርካው ሥር ይቆምና ሦስት ፍላጻ ይወረውራል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከመታ እልልታው ይቀልጣል፣ ሙሽሪት በበቅሎ ትወጣለች። ሦስቱንም ከሳተ ድግሱ ይበላል፣ ጠላው ይጠጣል፣ ሙሽሪት ግን ከቤቷ አትወጣም። አባቷም ለሌላ ሽማግሌ በሩን ይከፍታል። ጉድ እኮ ነው! ጠግቦ መመለስ አለ፣ ይዞ መመለስ የለም።

ከላቀው በፊት ሁለት ጎረምሶች ስንዱን ፈልገው በዚህ ደጅ ቆመው ጠግበው ተመልሰዋል። እንዲስቱላት ተስላ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ እንጃ፣ ስትሳል አላየሁም። በሰኔ የላቀው ሽማግሌዎች መጥተው ሠርጉ ለጥር መቆረጡን በሰማች ቀን ግን ደስታዋን የምትደብቅበት ጠፍቷት ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች። አያ ሙላት "ምን ነካት ይህቺ ልጅ?" እያሉ ውኃ ሲጠጡ አመሹ።

ላቀው መለማመድ ጀመረ። ከከተማ የሚመጣ፣ በቆዳ የተለበጠ ዒላማ መኖሩን ሰምቷል፤ እሱ ግን ለባለጠጋ እንጂ ለንብ አናቢ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ በጓሮው ያለውን ወይራ ዒላማ አደረገው። ወይራ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም፤ አልፎ አልፎ የነካው ፍላጻ ሁሉ ጫፉ ተሰበረ። ቢቸግረው ወደ ጭቃው ግድግዳ ዞረ። ግድግዳው ሲፈረፈር እናቱ እማማ ትርንጎ ከውስጥ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ሚስት ሳታገባ ቤቱን ልታፈርሰው ነው እንዴ?"

"ምን ላድርግ እማዬ?" አለ ላቀው። "ፍላጻው ይሰበርብኛል ብዬ ስፈራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ እስታለሁ። ስስት ያው ይሰበራል። እንዲህ ሆኜ በአያ ሙላት ደጅ ልቆም ነው? ስንዱን እኮ ላጣት ነው!"

እማማ ትርንጎ ነገሩን በልባቸው ይዘው ምንጭ ወረዱና ለስንዱ ነገሯት። ስንዱም "ለኔ ይተዉት" አለች።

አሮጌ ጆንያ ፈለገች። ካለፈው ዓመት አውድማ የተረፈ ጭድ ሰበሰበች። ያረጀ ቀሚሷን፣ የተቀደደ መቀነቷን፣ የትራስ ቡትቶ፣ እጇ የገባውን ሁሉ ጆንያው ውስጥ ጨመረች። አፉን በወስፌ ሰፋች። ፊቱ ላይ በከሰል ክብ ሠራች፤ መሐሉን ቀይ አፈር በጥብጣ ቀባችው። ስሙኒ ሳይወጣበት ዒላማ ሆነ። እማማ ትርንጎም አዝለውት ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችዎ! የማን ልጅ ነው?" እያለ ሲስቅባቸው።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ስንዱ እንስራዋን እንዳዘለች በላቀው አጥር በኩል አለፈች። መቼም ዒላማዬን በስቶ በስቶ ወንፊት አድርጎታል ብላለች። ቀና ብላ ብታይ ዒላማው ከጣራው ክፈፍ ሥር ተሰቅሏል፤ ንጹሕ ነጠላም ለብሷል! አንድ ቀዳዳ የለበትም። ላቀው ጀርባውን ሰጥቶት የአፈር ቁልል ላይ ፍላጻ ይወረውራል።

ሙሽሪት ከሠርጓ በፊት የሙሽራውን ግቢ መርገጥ ነውር ነው። ከአጥር ማዶ ቆሞ ማናገርን ግን ማንም አልከለከለም።

"ላቀው!" ብላ ጮኸች። ደንግጦ ቀስቱን ጣለ። "ያ ነጠላ የለበሰው ምንድን ነው?"

"ዒላማሽ ነዋ" አለ እየተሽኮረመመ። "አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው።"

"አቧራው ይቅር፤ ፍላጻስ ነክቶታል?"

"እንዴት ብዬ ስንዱ? ስፌቱን አየሁት፤ የእጅሽ ሥራ ነው። በዳር በኩል የቀሚስሽ ጨርቅ ብቅ ብሏል። እሱን ብወጋ አንቺን የወጋሁ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል።"

ስንዱ መጀመሪያ ሆዷ ባባ። እንዲህ የሚወዳት ሰው ማግኘቷ አስደሰታት። ወዲያው ግን ጥር ትዝ አላትና ደሟ ፈላ።

"አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? እኔ የሰፋሁት እንድትወጋው እኮ ነው! ቀኑ ሲደርስ እኔን ለሌላ ይድሩኝና አንተ ነጠላ ካለበስከው ጆንያ ጋር ትኖራለህ!"

ላቀው ጎንበስ ብሎ የጣለውን ቀስት አነሳ።

"ስማኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቢቀደድ እሰፋዋለሁ። ወስፌውም አለኝ፣ ቡትቶውም አለኝ። አንተን ካጣሁ ግን ያንን በምን እጠግነዋለሁ?"

ላቀው ነጠላውን ገፈፈ። ዒላማውን ወስዶ ከቀፎዎቹ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፤ ለዓይን የሚመቸው ቦታ እሱ ነበርና። ቀስቱን ወጠረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ለቀቀ። ምኑን ልንገራችሁ! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዒላማ መታ። ነገር ግን ስንዱ ለካ ጭዱን ሳትጠቀጥቀው ነው የሰፋችው። ፍላጻው በዚህ ገብቶ በዚያ ወጣና ከኋላ ያለውን ቀፎ ወጋው።

ንቦቹ ግልብጥ ብለው ወጡ። ስንዱ እንስራዋን ጥላ ወደ ምንጩ፣ ላቀው ወደ ቤቱ፣ እማማ ትርንጎም "እኔ ምን አደረግሁ!" እያሉ ወደ ጎረቤት ሮጡ። ንብ የማትቆጣው ላቀው በዚያ ቀን ግንባሩ ላይ ተነደፈ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲያዳምጥ ከሩቅ ሳቅ ሰማ። ስንዱ አንድ ዓይኗ አብጦ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ "ይሄን ሰውዬ ምን ላርገው!" የሚል ሳቅ ነበር። እሱም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ሳቁን ለቀቀው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልክ ያዘ። ዒላማው ከቀፎ ርቆ የአፈሩ ቁልል ላይ ተደገፈ። ስንዱ ፈትታ እንደገና ሞላችው፤ ቡትቶውን ከመሐል፣ ጭዱን ከዳር አድርጋ በእግሯ እስኪደድር ድረስ ረገጠችው። ላቀው ሲወረውር ይውላል፤ ሲቀደድ በአጥር ላይ ይወረውርላታል፤ እሷ ሰፍታ በማግስቱ መልሳ ትወረውርለታለች። ቡትቶ ሲያልቅባት ከሣጥን ሥርም፣ ከመደብ ላይም ያገኘችውን ታመጣለች። ፍላጻው ጭድ ውስጥ ስለሚቀበር መሰበሩ ቀረ። ሲስት ከአጥር ማዶ ሳቅ ይሰማል፤ ሲመታም ያው ሳቅ ይሰማል። ቀስ በቀስ ላቀው የትኛው እንደሆነ ዞሮ ማየቱን ተወው፤ እጁም ፍርሃቱን ረሳ።

ጥር ደረሰ። እማማ ትርንጎ "ኮርቻው ልጄን እንዳይቆረቁራት" ብለው ያንን ዒላማ ከሙሽሪት በቅሎ ላይ አስጫኑት። አጃቢው እየጨፈረ ከአያ ሙላት ደጅ ደረሰ። አያ ሙላት በአዲስ ነጭ ቆዳ የተለበጠ፣ መሐሉ ቀይ የተቀባ ዒላማ ሰቅለው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ስንዱ ፊቷን ተሸፍና ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ወግ ነውና ማልቀስ ይጠበቅባታል።

ላቀው ዋርካው ሥር ቆመ። ጭፈራው ጸጥ አለ። ዒላማውን አየው፤ እንከን የለበትም፣ የሰው እጅ ያልነካው ይመስላል። ያ የድሮ ፍርሃቱ መጣበት። የመጀመሪያውን ፍላጻ ለቀቀ፤ ከዳሱ ጣራ ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ አናት በላይ ተሰካ። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ አሉ። ሁለተኛውን ለቀቀ፤ የበሩን ምሰሶ ጭሮ ወደቀ። አጃቢው አንገቱን ደፋ። ከእንግዶቹም አንዳንዱ ነገሩ አለቀ ብሎ ለምሳ እጁን መታጠብ ጀመረ።

ላቀው ሦስተኛውን አወጣ። ይህን ከሳተ ስንዱ የሌላ ናት።

በዚህ ጊዜ የሙሽሪት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ አለቀሰች ብለው "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት" ይሏት ጀመር። ልቅሶ አልነበረም። ያች ልጅ የሽማግሌዎቹን ማጎንበስ በሻሿ ሥር አይታ፣ ታግላ ታግላ አቅቷት፣ በአገር ፊት ከት ብላ ሳቀች!

"ኧረ ጉድ! ሙሽራ ሳቀች! ኧረ ነውር ነው!" ተባለ።

ላቀው ሰማ። ያን ሳቅ የት እንደሚያውቀው ለመጠየቅ ጊዜ አላስፈለገውም። ዋርካው ጠፋ፣ እንግዳው ጠፋ፣ ነጩ ዒላማም ጠፋ፤ ጓሮው ውስጥ ቆሟል፣ ስንዱም አጥር ማዶ ናት። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀም ለቀቀው። ፍላጻው ከነጩ ቆዳ መሐል ቀዩ ላይ ተተከለ።

እልልታው መንደሩን አናወጠው። እማማ ትርንጎ ቤታቸው ሆነው ሰሙት ይባላል። አያ ሙላት ግን ሙሽራውን ትከሻውን ያዙት።

"ቆይ ልጄ። ከአንተ በፊት የቆሙት በመጨረሻው ፍላጻ ላብ በላብ ሆነው ነበር። አንተ ሁለቴ ስተህ ምን አሳቀህ?"

"አያ ሙላት፣ በጓሮዬ ስንት ጊዜ የሳትኩ መሰለዎት!" አለ ላቀው። "በሳትኩ ቁጥር ይህቺው ልጅዎ ትስቅልኛለች፣ የቀደድኩትን ትሰፋልኛለች። ዛሬ እዚህ ስቆም ያን ረስቼው ነበር፤ ስትስቅ ትዝ አለኝ።" ከበቅሎዋ ኮርቻ ላይ ዒላማውን አንስቶ ሰጣቸው። "በዚህ ነው የተማርኩት።"

አያ ሙላት አገላብጠው አዩት። የፊተኛው ጆንያ በመዳፍ የሚሸፈን ያህል እንኳ አልቀረም፤ ሁሉም መጣፊያ ሆኗል። ጣታቸው በአንዱ መጣፊያ ላይ ቆመ።

"ይህ... ይህ የኔ ጋቢ አይደለም እንዴ?"

የሙሽሪት ሳቅ ቀጥ አለ።

"ክረምቱን ሙሉ በብርድ እየተንዘፈዘፍኩ የፈለግሁት ጋቢዬ! ሌባ ገባ ብዬ ስንቱን ጎረቤት በክፉ ዓይን አይቻለሁ!" ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ነካኩ፤ ብዙዎቹ ከቀዩ ክብ ላይ ናቸው። ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ለካ እኔው ነኝ አማቼን ሳሠለጥን የከረምኩት!"

ነጩን ዒላማ አስወርደው ያንን ድሪቶ ዒላማ በደጃቸው ሰቀሉት። "ከእንግዲህ በዚህ ደጅ ሙሽራ የሚወረውረው ስቶ ስቶ በተማረበት በራሱ ዒላማ ላይ ነው" አሉ። ስንዱም ያለ ትራስ፣ ኮርቻው እየቆረቆራት ሄደች። መንገዱን ሙሉ ስትስቅ እንደነበር አጃቢዎቹ ይመሰክራሉ።

ወዳጆቼ፣ መሳት የሚፈራ እጅ መምታት አይማርም። እንዲማር ደግሞ ስቶ የማያፍርበት ጓሮና ሲስት የማይጥለው ሰው ያስፈልገዋል። የሚወዱን ሰዎች የሰጡንን፣ አምላክም በእጃችን ያኖረውን ስጦታ ብዙዎቻችን እንዳይበላሽ ብለን ከፍ አድርገን ሰቅለነዋል፤ ያከበርነው ይመስለናል። የሰጠን ግን የሰጠን እንድንጠቀምበት ነው። ቢቀደድም ወስፌውን ይዞ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ይጠብቀናል።

እስቲ ቀና በሉና እዩ፤ በናንተ ቤት ነጠላ ለብሶ የተሰቀለው ምንድን ነው?