ፈሪው በረኛ ሐዋዝ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው በጣም ድሮ ነው። ተራራው ይኸው የምታዩት ተራራ ነበር፤ ወንዙ ግን ያን ጊዜ በሌላ በኩል ይወርድ ነበር ይላሉ። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን አልተሠራም። ደወል አልተሰቀለም። የክርስቶስን ስም የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሚጠሩት ግን በሹክሹክታ ነበር።

ከባሕሩ ወደ ደጋው በሚወጣው የጨው መንገድ ዳር ጎርዞ የምትባል መንደር ነበረች። የአገሩ ሹም ለቆሙ ድንጋዮች የሚሰግድ ሰው ነበር። አዲሱን እምነት የያዘ ሁሉ ከገደል ይወርወር ብሎ አወጀ። አንድ ሸክላ ሠሪና ሚስቱ ተወረወሩ። ከዚያ ወዲህ አማኞቹ በየቤታቸው መጸለይ ተዉ። በሸለቆው ውስጥ አንድ ዋሻ ነበረ፤ ሰው የማይደርስበት፣ ቆዳ ፋቂዎች ብቻ የሚመላለሱበት። ጎህ ሲቀድ እዚያ ይሰበሰቡ ጀመር። አርባ ቢሆኑ ነው። ጨው ተሸካሚዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ የሰው ባሪያዎች ነበሩ። የሚመሯቸው አባ ኄራን የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ።

ከአማኞቹ መካከል ሐዋዝ የሚባል ቆዳ ፋቂ ነበረ። ሐዋዝ ፈሪ ነበር። ነጎድጓድ ይፈራል። ውሻ ይፈራል። ጥልቅ ውኃ ይፈራል። ሰው ከኋላው ድንገት ቢጠራው በርግጎ ይዘላል። እንዲህ ያደረገው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ እናቱም ስትጠየቅ እንዲሁ ተወለደ ነበር የምትለው። ሰውነቱ የቆዳ ሽታ ስለሚሸት ማንም አጠገቡ አይቀመጥም። እሱም አይቀየምም። ዳር ዳሩን ይይዛል።

አንድ ቀን አማኞቹ ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ መጽሐፍ እንዲያነብ፣ አንዷ ውኃ እንድትቀዳ፣ አንዷ ኅብስቱን እንድታመጣ ተደለደለ። የቀረው በሩ ነበር። የዋሻው በር ከወይራ እንጨት የተሠራ ነው። የቆዳ ማከማቻ እንዲመስል መወርወሪያው በውጭ በኩል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ደጅ መቅረት አለበት፤ ሰው ሲመጣ በሩን አንዴ ይመታል፣ ውስጥ ያሉት ዝም ይላሉ። ሰውየው ሲሄድ ሁለቴ ይመታል፣ ጸሎቱ ይቀጥላል። ማን ይሁን ሲባል ጎበዞቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

እማ ኅሪት የምትባል አንዲት አሮጊት ባልቴት ነበረች። «ሐዋዝ ይሁን» አለች።

ሳቁባት። አባ ኄራንም ፈገግ አሉ። «እማ ኅሪት፣ ሐዋዝ እኮ የራሱን ጥላ የሚፈራ ሰው ነው» አሏት።

«ለዚያ ነው» አለች። «የማይፈራውን ሰው ብናቆም ይተኛብናል። እሱ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ሐዋዝ ይህን ሲሰማ እምቢ ለማለት ፈለገ። አፉ ግን አልታዘዘውም። እንዲህ ሆኖ በረኛ ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ አርባውን ያስገባል። መወርወሪያውን ይጥላል። እርጥብ ቆዳዎቹን በሩ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ መፋቂያውን ይዞ ይቀመጥና ያዳምጣል። ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ጦጣ ቅርንጫፍ ስትለውጥ ይሰማል። የእያንዳንዱን ወፍ ድምፅ ለየ፤ የትኛዋ ወፍ ለእባብ እንደምትጮህ፣ የትኛዋ ለሰው እንደምትጮህ አወቀ። ፈራ። ፈርቶም ተቀመጠ።

አንድ ማለዳ ታዲያ ለሰው የምትጮኸው ወፍ ጮኸች። ቀጥሎ የፈረስ ኮቴ ሰማ። ሐዋዝ በሩን አንዴ መታ። ውስጥ መዝሙሩ ተቆረጠ። ሦስት ፈረሰኞች ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። የሹሙ ሰዎች ናቸው። ከፊት የነበረው ዓምዶ የሚባል፣ የሹሙ ቀኝ እጅ፣ ሸክላ ሠሪውንና ሚስቱን በገዛ እጁ የወረወረ ሰው ነበር።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ዓምዶ።

ሐዋዝ መፋቂያውን አሳየው። መፋቂያው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከቆዳው ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከውስጥ የአንድ ሰው ሳል የሚመጣ መሰለው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ከጀርባህስ ምን አለ?»

«ቆ... ቆዳ ነው ጌታዬ።»

ዓምዶ ወደ በሩ ቀረበ። ሽታው መታው፣ አፍንጫውን በነጠላው ያዘ። ሐዋዝን አየው። ሰው ሁሉ በእሱ ፊት ስለሚንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡ አልደነቀውም። መንገዱን ስለዘጋበት ብቻ ጀርባውን በአለንጋ ሁለት ጊዜ ገረፈውና ፈረሱን አዞረ።

ሄዱ። ሐዋዝ ግን መሄዳቸውን አላመነም። ሊመለሱ ይችላሉ ብሎ ጠበቀ። ፀሐይ ወጣች፣ ጠበቀ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፣ ያን ጊዜ ሁለቴ መታና ከፈተ። አርባው ሰዎች እየተቆጡ ወጡ። «ቀኑን ሙሉ ዘግተህብን፣ ጌቶቻችን ምን ይሉናል? ምን አይተህ ነው፣ ጥላህን ነው?» አሉት። እሱም ቆዳዎቹን ከበሩ ማውረድ ጀመረ። ሁሉም ካለፉ በኋላ እማ ኅሪት ቀሚሱ ጀርባው ላይ በደም መጣበቁን አየች። ዘይት አምጥታ ቀባችው። ለሌላው አትንገሪ አላት።

ዓመት አለፈ። ከዚያ ፈንጣጣ መጣ። በጨው መንገድ ከሚጓዙት ጋር መጣ። በየመንደሩ በር ላይ እሾህ ተደረገ፣ ሰው ከሰው ሸሸ። ሐዋዝ ከፈረሰኞቹ ይልቅ ፈንጣጣን ፈራ። ፈረሰኛ ኮቴ አለው፣ ይሰማል። ይህ ግን ድምፅ የለውም። ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ክንዱን ያገላብጣል፤ ነጥብ ይፈልጋል።

አንድ ማለዳ ጸሎቱ እየተደረገ ሳለ ከላይ ከመንገዱ አንዲት ሴት እየዳኸች ወረደች። ጨው ነጋዴዎቹ ጥለዋት የሄዱ አገልጋይ ነበረች። ፊቷ በቁስል ተሸፍኗል። የመዝሙሩን ድምፅ ተከትላ ነው የመጣችው። ሐዋዝ ብድግ ብሎ ከበሩ ጋር ተጣበቀ።

«ውኃ» አለችው።

ሐዋዝ በሩን መታ፤ በስንጥቁ በኩል ለአባ ኄራን ነገራቸው። ውስጥ ተነጋገሩ። ድምፃቸው ሲጨቃጨቅ ይሰማዋል። በመጨረሻ አባ ኄራን መጡና «አትክፈት ልጄ፣ አርባ ነፍስ አለ» አሉት። ድምፃቸው የአንድ የፈራ ሽማግሌ ድምፅ ነበር።

ሐዋዝ ታዘዘ፣ በሩን አልከፈተም። ነገር ግን ሴትዮዋ እዚያው ነበረች። ፊቱን አዞረ። አተነፋፈሷን ይሰማል። ጆሮውን ያዘ፣ አሁንም ይሰማል። ጸሎቱ አልቆ በሩን ከፈተላቸው፤ ሰዎቹ ከሴትዮዋ በሩቁ ዞረው ከሄዱ በኋላ አንድ ደረቅ ቆዳ አነጠፈ፣ ሴትዮዋን በቆዳው ላይ አደረጋትና ወደ ጎጆው ጎተታት። ፈራ። ፈርቶም ጎተታት። ደሃቦ እባላለሁ አለችው። ስድስት ቀን ውኃ አጠጣት። ቁስሏን አጠበ። እያጠበ ያለቅስ ነበር፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ እሱም አላወቀም። በሰባተኛው ቀን ሞተች። ብቻውን ቀበራት። በበነጋው ክንዱ ላይ ነጥቡን አገኘ።

ሐዋዝ ሲታመም የመጣ ሰው አልነበረም። እማ ኅሪት ብቻ በየቀኑ ከአጥሩ ውጭ የሾርባ ማሰሮ አስቀምጣ፣ ማሰሮው ባዶ ሆኖ እስክታገኘው ቆማ ትጠብቅ ነበር። ዳነ። ፊቱ ግን ተበሳሳ፣ አንድ ዓይኑም ጠፋ። ወደ በሩ ሲመለስ ሰዎቹ ከእሱ ራቅ ብለው ገቡ። ልጆቻቸውን ወደ ወዲያኛው ጎን ያደርጋሉ። አባ ኄራን ሊያናግሩት ፈለጉ፣ አላወቁበትም፣ አቀርቅረው ገቡ። ሐዋዝም መወርወሪያውን ጣለ። እንደ ድሮው ተቀመጠ።

ሦስተኛው ነገር የሆነው በዝናቡ ማብቂያ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ነው። እማ ኅሪት ጉልበቷ ታሞ ያን ቀን ቤት ቀርታ ነበር። ሐዋዝ አርባውን አስገብቶ ቆዳውን ሰቅሎ ተቀምጧል። ድንገት ወፎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ የውሻ ጩኸት ሰማ። የአደን ውሾች ናቸው፣ ብዙ ናቸው። በሩን አንዴ መታ። እጁ ከእንጨቱ ላይ መነሳት አቃተው።

ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ልብሱ ተቀዳዷል፣ እግሩ ይደማል። ዓምዶ ነበር። ሹሙ ሊገለብጠኝ አሲሯል ብሎ ጠርጥሮት ውሻ ለቆበት ነው። ዓምዶ በሩን አየ፣ ሐዋዝን አየ።

«እዚህ እንደምትሰበሰቡ ድሮ ነው ያወቅሁት» አለ። «ሳልናገር የቀረሁት ለደግነት አልነበረም። አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ነው። አስገባኝ።»

ሐዋዝ ይህን ሰው በሕልሙ ሲያየው የኖረ ነው። ጀርባው ላይ የአለንጋው ጠባሳ አለ። ደግሞ ውስጥ አርባ ሰው አለ። ባይከፍት ውሾቹ ሰውየውን እዚሁ እግሩ ሥር ይበጫጭቁታል። ቢከፍት ውሾቹ እስከ በሩ ይመጣሉ። የሚጠይቀው ሰው የለም። ውሾቹ ቀረቡ፤ ጩኸታቸው ገደሉን ሞላው።

«ልብስህን አውልቅ» አለው ሐዋዝ።

ዓምዶ በደም የራሰውን ካባውን አወለቀ። ሐዋዝ በሩን ከፍቶ ገፋው፣ መልሶ ዘጋ፣ መወርወሪያውን ጣለ። ቆዳዎቹን በበሩና ሰውየው በቆመበት መሬት ላይ ጎተተ፣ ሽታውን እንዲሰውር። ካባውን ለበሰ። ያን ጊዜ አባ ኄራን ከውስጥ ወደ ስንጥቁ ተጠጉ። ሰው ሲገባባቸው ደንግጠዋል።

«ሐዋዝ፣ ፈራህ?» አሉት።

«ፈራሁ አባ» አለ።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰሙትም።

ሐዋዝ ሮጠ። ዕድሜውን በሙሉ ሲሸሽ የኖረ ሰው ነው፤ መሸሽ ያውቅበታል። ውሾቹ እንዲያዩት መጀመሪያ ወደ እነሱ ሮጠ፣ ቀጥሎ ቁልቁል ወደ ወንዙ ታጠፈ። የካባው ደም ሸተታቸው፣ ተከተሉት። ፈረሰኞቹም ውሾቹን ተከተሉ። ማንም ወደ ቆዳዎቹ አልተመለከተም።

ውስጥ ያሉት ሁለቱን ምት ጠበቁ። ጩኸቱ ራቀ፣ ምቱ አልመጣም። ጨለማው ውስጥ ከዓምዶ ጋር ተፋጥጠው ቆሙ። የተወረወረው ሸክላ ሠሪ እህት እዚያ ነበረች፤ ዓምዶን በድምፁ አወቀችውና ስሙን ጠራች። ዓምዶ ራሱ ተናገረ። ያኔ በፈረስ እንዴት እንደመጣ፣ ያን ቆዳ ፋቂ እንዴት እንደገረፈው ነገራቸው። ሐዋዝ በሩን ሳይከፍት የዘገየባቸው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው። ከበሩ ማዶ ቅጠል ሲንቀሳቀስ ሁሉም ይደነግጣል። ሕፃን ሲያለቅስ እናቲቱ አፉን ትሸፍናለች። ከውጭ ለሚመጣው ነገር ጆሮን አቅንቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያን ቀን አዩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማ ኅሪት በምርኩዝ መጣች። መወርወሪያው እንደተጣለ፣ ቆዳው እንደተነጠፈ አገኘች። ሐዋዝን አላገኘችም። መወርወሪያውን አነሳች። አርባው ሲወጡ ፊታቸውን አየች።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ በታች፣ ውኃው ጠልቆ በሚዞርበት ቦታ አገኙት። ካባው በላዩ ነበር። ውሻ አልነካውም። ውኃ ይፈራ የነበረው ሰው፣ ከውሾቹ ሸሽቶ እዚያ ገብቷል። ተሸክሞ ያወጣው ዓምዶ ነው። አባ ኄራን አስከሬኑን በእጃቸው አጠቡ። በዚያ የተበሳሳ ፊት ላይ እጃቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። «አትክፈት ያልሁት እኔ ነበርሁ» አሉ።

ሹሙ ዓምዶን ውኃ የበላው መስሎት አልፈለገውም፤ ከዚያ በኋላ በሩን ዓምዶ ያዘ። እስኪያረጅ ያዘ። ሹሙ ሞተ፣ ዘመን ተለወጠ፣ እምነቱ በአደባባይ ወጣ፣ በዋሻው ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ጎርዞ ዛሬም አለች። ቅዳሴ ሲጀመር ከመንደሩ ሰዎች አንዱ በየተራ ደጅ ይቆማል፤ ዳኛ ቢሆን፣ ባለጸጋ ቢሆን፣ ተራው ከደረሰ ይቆማል። ካህኑ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ወደ ውጭ ጎንበስ ይልና «ፈራህ?» ይለዋል።

«ፈራሁ» ይላል የቆመው። አልፈራሁም ያለ ሰው በዚያ በር ቆሞ አያውቅም።

«አለህ?»

«አለሁ።»

ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል፣ ቅዳሴውም ይጀመራል።