የጭቃ ሹም አይችሉህም ካዝና

በእኛ አገር እጮኛው እሺ ባለችው ማግስት ዳስ የሚጥል፣ አዲስ በር ከመቃኑ ስለገባለት ብቻ መክፈት መዝጋቱን ሳያይ ጎረቤት ጠርቶ የሚደግስ ሰው ሲያጋጥም፣ ሽማግሌዎች ተያይተው ፈገግ ይላሉ። ለእንዲህ ያለው አንዲት አባባል አለቻቸው። የአባባሏ መነሻ የዋንዛ በሩ ጭቃ ሹም አይችሉህም ነው፤ ታሪኩ ሲነሳም ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር ይባላል።

አይችሉህም ከአባቱ የወረሰው ሽጉጥ ነበረው። ጥይት የሚይዘው ካዝና ግን ወንዝ ሲሻገር ወድቆ ቀርቶበታል። ያለ ካዝና ሽጉጥ ከመዶሻ አይሻልም፤ እሱም ለወጉ ያህል ታጥቆት ይዞር ነበር። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ልጁን ነብር ክንዷን ዘነጠላት። ልጅቱ በእግዜር ቸርነት ተረፈች፤ አባት ግን እህል አልቀምስ አለ። "ያን ነብር ሳልጥል ፀጉሬን አልላጭም!" ብሎ ማለ። አገሩም ለቅዳሜ ጫካውን ሊያስስ ተቀጣጠረ።

ሐሙስ፣ አይችሉህም ባለእጁን ስመኘውን አስከትሎ ካዝና ሊገዛ ገበያ ወጣ። ስመኘው ማረሻና መጥረቢያ ይሠራል፤ ይህንኑ ሽጉጥም በአይችሉህም አባት ዘመን ፈታትቶ የጠገነው እሱ ነው። ሰው እጁን ይፈልጋል እንጂ አብሮት ገበታ አይቀርብም። የአገሩ ክፉ ልማድ ነበር።

ነጋዴው ጆንያ ላይ ሁለት ካዝና ዘርግቷል። አንደኛው እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ሌላው ዝጓል፣ ጎኑም ተፋፍቋል። አይችሉህም የሚያብረቀርቀውን አንስቶ በሽጉጡ እጀታ ውስጥ ሰደደው። ገባ።

"ገባ!" አለና እዚያው ገበያ መሐል "ዘራፍ! ያባቱ ልጅ!" እያለ ይንጎራደድ ጀመር። ሴቶቹም እልል አሉለት።

"ጭቃው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለ ስመኘው ዝቅ ብሎ፣ "መግባቱን አየን፤ መያዙን ግን አላየንም። እስቲ አንዴ ይስጡኝ።"

ስመኘው ዝገታሙን አስገባው። ቀጭ አለ። ቢስበው አልወጣም። ጥይት ሞልቶ ደጋግሞ ሲያቀባብለው ጥይቶቹ አንድ በአንድ እየተፈናጠሩ መሬት ላይ ወደቁ። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን አንስቶ ጎኑን አሳየው።

"የሽጉጡ ጥርስ የሚነክሰው ይህችን ቀዳዳ ነው። ከቦታዋ ዝቅ ብላለች። ይህ የሌላ ሽጉጥ ካዝና ነው፣ ጭቃው። ወንድም ይመስላል እንጂ ባዳ ነው።"

"አንተ ሰውዬ! ነብር ገዳይ ዝገት ታጥቆ ሊፎክር ነው? ገባ እኮ!"

አይችሉህም የሚያብረቀርቀውን ገዛ። ስመኘው ግን ዝገታሙን በምራቂ እንዲጨምርለት ነጋዴውን ለመነ። ነጋዴውም ይህን ደግሞ ማን ይገዛኛል ብሎ ሰጠው። ስመኘው ጥይት ሞላበትና ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሰዉ ጫካውን እየጮኸ ሲያስስ፣ ነብሩ ቋጥኝ ላይ ብቅ አለ። ከአይችሉህም አሥር እርምጃ አይርቅም። አይችሉህም ሽጉጡን መዝዞ "ዘራፍ!" ብሎ ዘለለ። እግሩ መሬት ሲነካ ካዝናውም ወልቆ ሣሩ ላይ ወደቀ። ቃታውን ሳበ፤ ምንም የለም። ነብሩ ሊዘል ተሰበሰበ። ልጁ ትዝ አለችው፤ ቁስሏ ሳይድን ያለ አባት ልትቀር ነው። ዞር ቢል አብሮት የመጣው ጎበዝ ሁሉ ዛፍ ላይ ነው።

ወደፊት የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስመኘው መጥረቢያውን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ በአይችሉህምና በነብሩ መካከል ቆመ። ዓይኑን ከአውሬው ሳይነቅል ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። መዳፉ ላይ ዝገታሙ ካዝና አለ።

"ይያዙ፣ ጭቃው" አለ፣ ለገበሬ ማረሻ የሚያቀብል ያህል ረጋ ብሎ።

ቀጭ አለ። አይችሉህም አቀባብሎ በስመኘው ትከሻ በኩል ሁለት ጊዜ ተኮሰ። በሁለተኛው ነብሩ ከቋጥኙ ተንከባሎ ወደቀ።

ሰዉ ከየዛፉ እየወረደ "ነብር ገዳይ!" ሲለው አይችሉህም ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ጣቴን ነው ያንቀሳቀስኩ። ወንድ ማለት እሱ ነው፤ ቆዳውም የሱ ነው" አለ። በማግስቱ ድግስ ስመኘውን በቀኙ አስቀምጦ ከአንድ መሶብ በላ። ያጉረመረመ ነበር፤ አፉን ሞልቶ የተናገረ ግን የለም።

ከምሳ በኋላ ሰዉ "ፎክርልን!" ብሎ ያዘው። አይችሉህም በስመኘው ስም ሊፎክር ተነሳ። ሽጉጡን አወጣ፣ ዝገታሙን ካዝና አስገባ፣ ሳበው። አልወጣም። ደግሞ ሳበው። ከዚያ ዞሮ ስመኘውን አየ፤ ስመኘውም ይሁን ብሎ ራሱን ነቀነቀለት። የአይችሉህም አማት እሜቴ ጠጅቱ ሰዉ ከሣር ላይ ለቅሞ ያመጣውን የሚያብረቀርቅ ካዝና ከፍ አድርገው ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ጎሽ ልጄ፣ አሁን ገባህ፤ ካዝና ገባ ተብሎ ዘራፍ አይባልም!"